ቀጥ ያሉት ጥይቶች

ኤሜት ሶርቢ በጀርባው ተዘርሯል። ባርኔጣው ከራሱ በላይ በረዶው ላይ ወድቋል። ፊቱን የሸፈነው ጨርቅ ነጭ እንደነበር የሚታወቀው ከጫፉ ብቻ ነው።

ጨርቁን የያዘው የቅርብ ወዳጁ፣ ጠመንጃ ሠሪው ሃርላን ፕሩዊት ነበር። ተንበርክኮ በሁለት እጁ ተጭኖታል።

"አይዞህ ወንድሜ። አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ" ይላል ደጋግሞ።

ምክትል ሸሪፍ ዴላ ሮርክ ከፓይን ፎርክ ከተማ ወደ ተኩስ ሜዳው ስትደርስ አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። መጀመሪያ የቆሰለውን አየች፤ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ጠመንጃውን አየች።

የአደን ጠመንጃ ነው። አዲስ። ሰደፉ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከጥይት ማጉረሻው በላይ ያለው ብረት እንደ ተላጠ ፍሬ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከብረቱ ስባሪ አንዱ የኤሜትን ግራ ዓይን ይዞ ሄዷል።

የኤሜት ልጅ ሲግሪድ ከእንጨት ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። የጆሮ መከላከያዋን አላወለቀችም። ዴላ ራሷ አወለቀችላት።

"አንቺስ አልተጎዳሽም?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ።" ሲግሪድ ጠረጴዛውን እንጂ ዴላን አላየችም። "ቀጣዩን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ።"

"እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

"የመጀመሪያው ጥይት ድምፁ ደከመ። አባዬ ግራ ገባው። ሁለተኛውም ደከመ። ሃርላን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ 'ምነው፣ ጠመንጃህን ጉንፋን ያዘው እንዴ?' ብሎ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ አረሩ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ አፈሙዙን አየ። ንጹሕ ነው። ተቀመጠ። ሦስተኛውን ተኮሰ።"

ቀሪውን ዴላ በዓይኗ አይታዋለች። 

ጠረጴዛው ላይ የጥይት ሳጥኑ እንደተከፈተ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ አረንጓዴ። ጥይቶቹ አፍንጫቸውን ቀብረው በየጉድጓዳቸው ተደርድረዋል። ሦስቱ ጉድጓዶች ባዶ ናቸው። ዴላ ሳጥኑን ዘግታ በማስረጃ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

ኤሜት ጥይት ገዝቶ አያውቅም። ባሩዱን እየመዘነ፣ አረሩን፣ የጥይቱን ጫፍ፣ ቀለሁ ላይ እየገጠመ፣ በገዛ ጋራዡ ነው የሚሠራው። ፓይን ፎርክ ውስጥ እንደሱ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ለአዲስ ጠመንጃ የሚስማማውን የባሩድ ልክ ፍለጋ ከበልግ እስከ አደን ወቅት ሲመዝኑና ሲተኩሱ ይከርማሉ። ጠመንጃው አንዱን ልክ ይወድና ቀዳዳዎቹ ዒላማው ላይ ይሰበሰባሉ። ያን ቀን ሰውየው ለሚስቱ አበባ ይገዛል።

እነዚህ ሰዎች አንድ የማይነካ ሕግ አላቸው። ማንም ከቤተሰቡ ውጭ የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ጥይት አይተኩስም።

ስለዚህ ጥይት ከፈነዳ ጥፋተኛው ይታወቃል። ሠሪው ነው።

*

ሆስፒታሉ ካውንቲው ውስጥ ያለ ብቸኛው ነው። ዴላ በማግስቱ ስትገባ ኤሜት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሃርላን ከአልጋው አጠገብ ሆኖ በፕላስቲክ ማንኪያ የፖም ፓይ ያጎርሰዋል።

"እኔ ልጅ ነኝ እንዴ? ስጠኝ፣ ራሴ እበላለሁ" አለ ኤሜት።

"በአንድ ዓይንህ ጆሮህ ውስጥ ትጨምረዋለህ። ዝም ብለህ አፍህን ክፈት።"

ኤሜት ሊስቅ ሞክሮ አመመው። ዴላን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ዴላ፣ እንኳን መጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የኔ እጅ ነው አይደል?"

"ገና አላወቅንም።"

"እኔ አውቃለሁ። ብረቱ እንዲሁ አይቀደድም። የሆነ ቦታ ላይ ተዘናግቻለሁ። ሦስተኛውን ስተኩስ ሲግሪድ ተራዋን እየጠበቀች ነበር፤ ታውቂያለሽ? 'አባዬ፣ አሁን እኔ' ብላኝ ነበር። 'አንድ ልጨምርና' አልኳት።" ጤነኛ ዓይኑን ጨፈነ። "ከትናንት ጀምሮ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።"

"ራስህን አትግደል" አለ ሃርላን። ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ሁላችንም እጃችን አርጅቷል። ማንም ሰው ይሳሳታል፣ ኤሜት።"

"አንተ ተሳስተህ አታውቅም።"

ሃርላን ማንኪያውን በወረቀት ጠረገ።

ዴላ ጥያቄዋን ጠየቀች። ጥይቶቹን እርስዎ ከሠሯቸው በኋላ ማን ነካቸው? ኤሜት ለማሰብ እንኳ አልዘገየም።

"ማንም። የኔን ጥይት ማንም አይነካም።"

ሸሪፍ ሎውል ቤክ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"ሰውየው ራሱ ስህተቱ የኔ ነው ካለ እኛ ምን እንፈልጋለን? አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው።"

"ሸሪፍ፣ ዘጋሁት ማለት ሰውየው እስኪሞት ልጄን ልገድል ነበር እያለ ይኖራል ማለት ነው።"

"ልገድል ነበር ካለስ? እውነት ከሆነስ?"

"እውነት ከሆነ አውቆት ይኑር። እስካሁን ግን ማንም አላወቀም።"

ቤክ አገጩን አከከ። "የአደኑ ወቅት እስኪከፈት ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ ለአደኑ ቁጥጥር እፈልግሻለሁ።"

*

ጋራዡ ውስጥ ዘይትና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። የኤሜት መሥሪያ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሚዛኑ፣ መግጠሚያ መሣሪያው፣ ባሩዱ፣ ሁሉም በየቦታው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ነው ያለው። ጠንቃቃ ሠሪ እንዳይደባለቅበት ሌላ ዓይነት አጠገቡ አያደርስም።

ግድግዳው ላይ የሚያምር አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው። ላዩ ላይ አቧራ ጣል ጣል ብሎበታል።

"ይሄ የማነው?"

"የአባዬ። ሃርላን ነው የሠራለት" አለች ሲግሪድ። "እናቴ የሞተች ዓመት ክረምቱን ሙሉ ሲሠራው ከርሞ ሰጠው። አባዬ በሱ ሲያድን ኖረ። ዘንድሮ ያን አዲሱን ከሱቅ ገዛ። ለቀልድ ያህል ነበር። አንድ ቅዳሜ ተኮሰበት፤ ሦስቱም ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ተሸፈኑ። የሃርላን ጠመንጃ እንደዚያ ተኩሶ አያውቅም።"

"ሃርላን ምን አለ?"

"ሳቀ። የከተማው ምግብ ቤት ውስጥ ሁሉም ሲቀልዱበት ነበር። 'ሃርላን፣ አንተም ለምን ከሱቅ አትገዛም?' ይሉታል። አብሯቸው ሳቀ።"

ዴላ መደርደሪያውን ስታይ ክዳን የሌለው ቆርቆሮ አገኘች። ውስጡ ጥቂት ጥይቶች አሉ።

"እነዚህስ?"

"ያው የዚያ ሳጥን ጥይቶች ናቸው። ሳጥኑ ሞልቶ የተረፉ። አብረው በአንድ ቀን ነው የተሠሩት፣ እኔም ነበርኩ።"

ዴላ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሟች አባቷ ጋራዥም እንደዚህ ነበር። አባቷ ጥይት መሥራት ያስተማረው ወንድሟን ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር የምታየው። ማንም ግቢ አላላትም፤ ያየችውን ግን አልረሳችውም።

ይዛው ከመጣችው ሳጥን አንድ ጥይት መሣሪያው ላይ አስራ አረሩን ነቀለች። ባሩዱን ሚዛኑ ላይ አፈሰሰች። ከቆርቆሮው አንዱን ወስዳ እንደዚያው አደረገች።

ሚዛኑን ሁለቴ አየችው። ሌላ ጥንድ ነቀለች። ሌላም።

ከቆርቆሮው የወጣው ባሩድ ሁልጊዜ አንድ ልክ ነው። ሲግሪድ አባቷ የመረጠው ልክ ይሄ ነው አለች። ከሳጥኑ የወጣው ግን ጎድሏል። ጥቂት አይደለም የጎደለው።

"ተሳስቶ ነው?" አለች ሲግሪድ።

"አባትሽ እዚህ ቁጭ ብሎ ሁሉንም በአንድ ልክ ሠራ። ከዚያ ሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ያሉትን ከፈታቸው። ባሩድ ቀነሰ። መልሶ ገጠማቸው። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን አላወቀም።"

"ግን ቢቀንስ ይደክማል እንጂ እንዴት ይፈነዳል?"

ዴላም ይህን አታውቅም ነበር። ጠመንጃውን የላከችለት የግዛቱ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ነው በስልክ ያስረዳት። ብረቱ ጤነኛ ነው፤ የፋብሪካ ጉድለት የለበትም አላት። ባሩዱ ግን ቀስ ብሎ እንዲነድ የተሠራ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ባሩድ ከልኩ በጣም ሲያንስ ጠባዩ አይታወቅም። አንዳንዴ ይደክማል። አንዳንዴ ደግሞ ቀስ ብሎ መንደዱን ይተውና በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ብዙ ሠሪዎች ወሬ ነው ይላሉ፣ አለ ባለሙያው። እስኪደርስባቸው ድረስ።

*

የእነ ኤሜት ጎረቤት የሆነችው ሴትዮ መስኮቷን የማትለቅ ናት። ከአደጋው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ኤሜትም ሲግሪድም ሥራ ላይ ሳሉ፣ ሰማያዊ ፒክአፕ በራቸው ላይ ቆሞ ነበር አለች። ጎማው ጭቃ የጠጣ፣ አንድ መብራቱ የተሰበረ።

ፓይን ፎርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፒክአፕ ያለው ትሬቨር ኩንትዝ ነው። እስከ ፀደይ ድረስ የሲግሪድ እጮኛ ነበር። ቀለበቱን የመለሰችው እሷ ናት።

ትሬቨር የሸሪፉ ቢሮ ውስጥ ጉልበቱን እያነቃነቀ ተቀመጠ።

"ሐሙስ የኤሜት ጋራዥ ገብተሃል።"

"ማን አለ?"

"እኔ አልኩ።"

"የረሳሁት የዓሣ ማጥመጃ ነበረኝ።"

"ይዘኸው ወጣህ?"

ትሬቨር ወለሉን ተመለከተ።

"ትሬቨር፣ አንድ ሰው ዓይኑን አጥቷል።"

"እኔ ጥይት መሥራት አልችልም! ሲግሪድን ጠይቂያት። ሊያስተምሩኝ ሞክረው የባሩዱን ጣሳ የደፋሁ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በሩ ላይ እንኳ አላቆመኝም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ገባህ?"

አንገቱ ቀላ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከማን ጋር እንደምትውል ማወቅ ፈልጌ ነው። ደውዬ ስጠይቃት ሥራ አለኝ ትላለች። የሆነ ነገር አያለሁ ብዬ፤ የወንድ ጃኬት፣ ጓንት፣ ምናምን።"

"ከአባቷ ጋር ነው የምትውለው። ጠመንጃ ሲሞክሩ።"

"አሁን አወቅኩ።"

"እና አሁን አልቀናህም?"

"እሱም ላይ ቢሆን ቀንቻለሁ" አለ። ሳያስበው ነው ያመለጠው። መልሶ አፈረ። "ከኔ ጋር ሁለት ሰዓት ቁጭ ማለት አትችልም ነበር። ከሱ ጋር ቀኑን ሙሉ ዒላማ ስታይ ትውላለች።"

ለዴላ የሚዋሽ ሰው አልመሰላትም። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር።

"ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጥይት ሳጥን ነካኸው?"

"የምን ሳጥን?"

"አረንጓዴ።"

"ሳጥን አልነበረም። ጠረጴዛውን አይቼዋለሁ፣ በደንብ ነው የፈተሽኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሚዛንና መሣሪያ ብቻ ነው የነበረው። አንድ ቆርቆሮም ነበር።"

ዴላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሳጥኑ ሐሙስ ቀን ጋራዡ ውስጥ ካልነበረ የት ነበር?

ለሲግሪድ ደወለች። ሲግሪድ ጥያቄው ገረማት።

"ሃርላን ጋ ነዋ። ረቡዕ ሄዶ ዓርብ ተመለሰ።"

"ሃርላን ጋ ምን ይሠራል?"

"ሊለካ። አረሩ ቀጥ ብሎ ካልተገጠመ ዒላማ አይመታም። የሱን ዓይነት መለኪያ ከተማው ውስጥ ሌላ ማንም የለውም። አባዬ የሠራውን ሁሉ ወስዶ ያስለካል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው።"

"ሲግሪድ፣ አባትሽን ማን ነካቸው ብዬው ማንም አለኝ እኮ።"

ሲግሪድ ግራ ገባት። "መለካት መንካት ነው እንዴ?"

*

ዴላ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮዋን ጠረጴዛ አጸዳች። የመስኮት መስታወት አስመጥታ ላዩ ላይ አጋደመች። አባቷ እንዲህ ሲያደርግ በሩ ላይ ቆማ አይታለች።

ከቆርቆሮው አንድ ጥይት ወስዳ መስታወቱ ላይ አንከባለለችው። የአረሩ ጫፍ በጣም በጥቂቱ ይዋልላል። የኤሜት እጅ ጥሩ እጅ ነው፤ ግን የሰው እጅ ነው። ሌላውም ተዋለለ።

ከሳጥኑ አንዱን አንከባለለች። ጫፉ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሁሉንም አንከባለለቻቸው። በመስታወቱ ላይ እንደ ውሃ ጠብታ ይሄዳሉ።

ወንበሯ ላይ ተደግፋ አየቻቸው። ይህን ያደረገው ሰው ጥይቶቹን ሊያበላሽ ነው የከፈታቸው። ባሩዱን አጉድሏል። መልሶ ሲገጥማቸው ግን አረሩን እንደ ነገሩ መጫን አልቻለም። ለማበላሸት የያዛቸውን ጥይቶች ከሠሪው አስበልጦ፣ አንድ በአንድ፣ ቀጥ አድርጎ ሠራቸው። እጁ ሌላ ነገር አያውቅም።

እንዲህ የሚሠራ እጅ ፓይን ፎርክ ውስጥ አንድ ነው።

ግን እጅ ማስረጃ አይሆንም። ጠበቃው መስታወቱንም ጥይቱንም አይቶ ይስቃል። ከሃርላን አፍ መውጣት አለበት።

*

የሃርላን ፕሩዊት የጠመንጃ መሥሪያ ክፍል ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ወለሉ ተጠርጓል። መሣሪያው ሁሉ በመጠኑ ተሰልፏል። ማሰሪያው ላይ ግማሽ የተቀረጸ የዋልነት ሰደፍ አለ።

"ግቢ ልጄ። በሩን ዝጊው፣ ብርዱ እንጨቱን ይሰነጥቅብኛል። ቡና ላምጣልሽ?"

"አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ።"

"ኤሜት ዛሬ ሻል ብሎታል። ከሱ ነው የመጣሁት።"

"ሰምቻለሁ።" ዴላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "የኤሜት ጥይቶች ሐሙስ እዚህ ነበሩ።"

"ነበሩ። ለካኋቸው። ሁሌም እለካለታለሁ።"

"አልነገሩኝም።"

"አልጠየቅሽኝማ።"

"ከመለካት ሌላ ያደረጉት ነገር የለም?"

"የሰው ጥይት ከፍቼ?" ሃርላን በሐዘኔታ ፈገግ አለ። "አባትሽ ይህን ስትጠይቂኝ ቢሰማ ያፍርብሽ ነበር። በሰው ጥይት እጅ አይገባም።"

"ስለዚህ ለክተው እንዳለ መለሱ።"

"እንዳለ መለስኩ።"

ዴላ ይህንን ጻፈች። ቀስ ብላ ነበር የጻፈችው። ከዚያ እንደ ደከማት ሰው ተነፈሰች።

"እንግዲህ ልዘጋው ነው። ቤተ ሙከራው ምክንያቱን አግኝቻለሁ ብሏል። አረሮቹ ጠማማ ሆነው ነው የተገጠሙት።"

ሃርላን እጁን ወደ ሰደፉ ዘርግቶ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ምን?"

"ጠማማ ናቸው። ሳጥን ውስጥ የቀሩት ሁሉ። ባለሙያው 'ይህን የሠራው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው፣ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሥራ አይቼ አላውቅም' አለ።" ዴላ ማስታወሻዋን ማጣፍ ጀመረች። "ያው ምስኪን ኤሜት..."

"ጠማማ አይደሉም።"

"ባለሙያው ነው ያለው።"

"ባለሙያ! የትኛው ባለሙያ ነው? በምን ለካው? በማስመሪያ?" ሃርላን ተነስቶ ቆሟል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። "ፀጉር ታህል የምትዘነብል የለችም! እያንዳንዷን በገዛ እጄ ነው የገጠምኳት፣ እያንዳንዷን ሁለቴ..."

የተናገረውን ሰምቶ አቋረጠ።

ውጭ አንድ መኪና አለፈ።

"ልክ ነዎት፣ ሚስተር ፕሩዊት" አለች። "ጠማማ አይደሉም። መስታወት ላይ አንከባልዬ አይቻቸዋለሁ። እንደነሱ ቀጥ ያለ ጥይት አይቼ አላውቅም። የኤሜት እጅ የሠራቸው ግን ትንሽ ይዋልላሉ። እንዳለ መለስኩ ብለውኛል።"

ሃርላን ተቀመጠ። ከመቅጽበት አረጀ።

ዴላ ዝም የማለት መብቱንና የጠበቃ መብቱን ነገረችው። ከፈለጉ አሁን ጠበቃ መጥራት ይችላሉ አለችው። አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር፤ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር።

"አልጨመርኩም" አለ። "ባሩድ ሲበዛ እንደሚገድል ልጅም ያውቃል። እኔ ቀነስኩ። ይደክማል፣ ከዒላማው በታች ይወድቃል፣ ይበታተናል። ይሄው ነው። የሱቅ ጠመንጃ አንድ ቀን አምሮበት ነው፣ ያ ዕድል ነው፣ ይበሉ ብዬ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።"

"ለምን?"

"ያንን ጠመንጃ አይተሽዋል? የኔን? ጋራዡ ውስጥ?"

"አይቻለሁ።"

"እንጨቱ አባቴ ከተከለው ዛፍ ነው። የኤሜት ሚስት ሞታ ሰውየው መብላት አቁሞ ነበር። ምን ላድርግለት? መናገር አልችልበትም። ክረምቱን ሙሉ ያንን ሠራሁለት። ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ 'ሃርላን የሠራልኝ' እያለ ያሳይ ነበር።" ጣቶቹን ተመለከተ። "ዘንድሮ ከመደርደሪያ የወረደ ብረት ገዛና፣ ምግብ ቤት መሀል ዒላማውን ዘርግቶ፣ 'እዩት እስኪ፣ ከሱቅ ነው፣ ሃርላን ይቅና!' አለ። ሁሉም ሳቁ። ይሳቁ፣ የነሱ ግድ የለኝም። ኤሜትም ሳቀ።"

"እርስዎም ስቀዋል አሉኝ።"

"ምን ላድርግ? ላልቅስ?"

ዴላ ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገችም።

"ሁለተኛው ጥይት ሲደክም ኤሜት ተነስቶ አፈሙዙን አየ። እርስዎ አጠገቡ ነበሩ። ያኔ ተው ማለት ይችሉ ነበር።"

"እየሳቅኩ ነበር" አለ ሃርላን።

"ሦስተኛውን ሲግሪድ ብትተኩሰውስ?"

ሃርላን ግማሽ ወደ ተቀረጸው ሰደፍ ዞረ።

"ሆስፒታልስ? እጅህ አርጅቷል ያሉት ለምንድን ነው? እርስዎ የእሱ እጅ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ልጄን ልገድል ነበር እያለ ሲሠቃይ ፓይ እያጎረሱት ነበር።"

"እኔ ካልኩት ያምናል" አለ ሃርላን ቀስ ብሎ። "ሁሌም ያምነኛል። ሌላ ማን አለው?" ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት የሚመስል ነገር ነበር። ዴላ ሰማችው። ሃርላን ግን ራሱ የሰማው አልመሰላትም።

እጁን በካቴና ስታስር እጁ እንጨት ያህል የጸና ነበር።

*

ሲግሪድ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀቻት። አንድ ላይ ገቡ። ሲግሪድ እንደ ሰሞኑ ከአልጋው ራቅ ብላ መስኮቱ ጋ ቆመች። አባቷ ወደዚያ እንደማይመለከት ለምዳዋለች።

"ጨርሻለሁ" አለች ዴላ።

ኤሜት ብርድ ልብሱን ጨበጠ። "ንገሪኝ። የኔ እጅ ነው?"

"አይደለም። እርስዎ የሠሯቸው ልክ ነበሩ። ሁሉም። አንድም ስህተት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰው ከፍቷቸዋል።"

ትንፋሹ በረጅሙ ወጣ። ትከሻው ወደ ትራሱ ወደቀ። ለአፍታ ያህል፣ ለአፍታ ብቻ፣ ፊቱ በራ። ከዚያ ዴላ የሰውየው አእምሮ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አየች። ጥይቶቹ ከእጁ ከወጡ በኋላ የት እንዳደሩ እያስታወሰ ነው።

"ማን?" አለ። ሳይፈልግ ነው የጠየቀው።

"ሃርላን።"

ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

"አምኗል?"

"አምኗል። ሊገድልዎት አልነበረም። ጠመንጃው እንዲስት ፈልጎ ነው። ቀንቶ ነው።"

"በዚያ ጠመንጃ?" ኤሜት ራሱን ነቀነቀ። "በዚያ ብረት? ቢለኝ እኮ ወንዝ ውስጥ እወረውረው ነበር።"

ጤነኛ ዓይኑን እንባ ሞላው። አልጠረገውም።

"ዴላ፣ አትቀየሚኝ። ለፍተሻል። ግን የኔ እጅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

ሲግሪድ ከመስኮቱ ዞረች። መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ሊያያት በሚችልበት በኩል ተቀመጠች።

"ለኔ አይሻለኝም፣ አባዬ" አለች።

ኤሜት ቀና ብሎ አያት።